አስር ዓመት የሚያገለግል የጎማ ሱሪ

ኮስቲኛ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1993

ለተከበሩ ወንድሜ ለአቢሊዮ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎንም ባለቤትዎን ሲሞንንም በሙሉ ጤና እንድታገኛችሁ የመርከበኞች እመቤታችንን እለምናለሁ። እናትዎ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይቆጣሉ፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴ በሬዲዮ ይሰማሉ። ዓይናቸው ግን ከበጋው ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አላለፈም። እኔን የሚያውቁኝ በእግሬ ኮቴ ነው።

እኔም ደህና ነኝ፤ የጎማ ሱሪዬ ግን ሞተ። ያ የጎረቤታችን የኤርሜሊንዳ ባል ይለብሰው የነበረው፣ ከነቦቲው እስከ ደረት የሚደርሰው አረንጓዴ ሱሪ በጉልበቱም በእግሮቹ መሐልም ተሰነጣጥቆ አለቀ። በብስክሌት ጎማ መለጠፊያ እየደረትኩ ሁለት ክረምት አሳለፍኩት፤ አሁን መለጠፊያው ራሱ የሚይዘው ደህና ቦታ አጣ። ባለፈው ማክሰኞ ማዕበል ውስጥ ቆሜ በዓሣ ማጥመጃ ዘንጌ መንጠቆ ልወረውር ስል ቀዝቃዛው ውሃ በጉልበቴ ገብቶ እስከ እምብርቴ ወጣ። ሁለቱን እግሮቼን እየጎተትኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እየተሳደብኩ ነው የወጣሁት። ከዚያ ሳል ያዘኝ። እናትዎም ለኤርሜሊንዳ "ይቺ ልጅ ቀድማኝ ልትሞት ነው" አሏት፤ በሐዘን ሳይሆን በቅሬታ።

ዓሣው ለእኔ ሰበብ መሆኑን ያውቃሉ። ጎህ ሲቀድ ኤርሜሊንዳ መጥታ እናትዎ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እኔ ዘንጌን ይዤ ወደ ባሕሩ እወርዳለሁ፤ እናትዎ ቁርስ ሲሉ እመለሳለሁ። ከቀኑ ውስጥ የእኔ የምለው ያን ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ ብቻቸውን ልተዋቸው አልችልም፤ በር ክፍት ካገኙ ግድግዳ እየዳበሱ ወደ ውሃው ይሄዳሉ። እዚያ አገር ጥሩ ዕቃ አይጠፋምና ጠንከር ያለ፣ ቶሎ የማይቀደድ ሱሪ መርጠው እንዲልኩልኝ እለምናለሁ።

ሌላም ጉዳይ አለ። እናትዎ ቤት ስገባ "ሁለት ዓመት ብቻ ያዢልኝ፣ ከዚያ እመጣለሁ" ብለውኝ ነበር። አራተኛው ሊጀምር ነው። ጓደኛዬ ኦቲሊያ ፔኒሽ ከተማ ውስጥ የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ከፍታለች፤ "እስከ ፋሲካ ቦታሽን ይዤ እጠብቅሻለሁ" ብላኛለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ደጋግሞ በሬን አያንኳኳም። መቼ እንደሚመጡ ቁርጡን ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
ዙልሚራ


ኔሻቴል፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1993

ውድ እህቴ ዙልሚራ፣

የላይኛው ጌታ አንቺንም እማዬንም ከክፉ ይጋርዳችሁ፤ ቤታችሁ ዳቦና ሳቅ አይጣ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የሕንፃውን ደረጃ ስወለውል ነው። መወልወያውን ጥዬ እዚያው ቆሜ አነበብኩት፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ እርጥቡ ላይ ሊንሸራተቱ ምንም አልቀራቸውም። የአባቴ የአጎት ልጅ ልጅ ብትሆኚም እኔ ከእናቴ ልጅ ለይቼሽ አላውቅም። አንቺ ስትስዪ እኔን ነው የሚያመኝ።

ቅዳሜ ሳይደርስ ወደ ማጥመጃ ሱቅ ሮጥኩ። ሻጩ መነጽሩን አውልቆ "ለየትኛው ወንዝ ነው?" አለኝ።

"ለወንዝ አይደለም፣ ለውቅያኖስ ነው" አልኩት።

"ውቅያኖስ ውስጥ የሚቆም ሰው አለ እንዴ?"

"እህቴ ትቆማለች" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ከዚያማ ያላሳየኝ ዓይነት የለም። አንዱ ቀጭን፣ ቀላል፣ ላብ የማያምቅ ነው፤ እግሩ ላይ ካልሲ አለው፣ ጫማው ለብቻ ይደረጋል። ሶሉ ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ተለጥፎበታል፤ ድንጋይ ላይ አያንሸራትትም አለኝ። ሌላው እንደ ስፖንጅ ካለ ወፍራም ጎማ የተሠራ ነው፣ ብርድ አያስገባም፣ ግን ይከብዳል። እኔ ለካልሲው አድልቻለሁ፤ ሲታይ ያምራል። አንቺ ምን ትያለሽ? የእግርሽን ቁጥር ጻፊልኝ። ደግሞ ሻጩ አንድ ነገር ጠይቃት ብሎኛል። ስንት ዓመት እንዲያገለግልሽ ነው የምትፈልጊው? ምርጫው በዚያ ይወሰናል አለ።

ስለ መምጣቴ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። አሁን ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ወንድምሽ
አቢሊዮ


ኮስቲኛ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1993

ለተከበሩ ወንድሜ ለአቢሊዮ፣

ትናንት የሙታን ቀን ስለነበር የአባትዎን መቃብር አጽድቼ አበባ አኖርኩ፣ በስምዎም ሻማ አበራሁ። እሳቸው በሰላም ይረፉ፤ እርስዎም በሰላም ይኑሩልን።

ደብዳቤዎን ሳነብላቸው እናትዎ ሳቁ። "ልጄ ባሕር አፍ ላይ ተወልዶ፣ ለባሕር ካልሲ ሊገዛ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሻጩ ባሕር አያውቅም፣ እርስዎም ረስተውታል። ካልሲ ያለውን ይተዉት። እዚህ ማዕበሉ አሸዋ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ አሸዋው በጫማውና በካልሲው መሐል ይገባና ስፌቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቦቲው ከሱሪው ጋር አንድ ሆኖ የተጣበቀ ይሁን። የሱፍ ሶሉም ለድንጋይ ነው፣ እኛ ያለን አሸዋ ስለሆነ ተራ ጎማ ይበቃል። ሱሪው ያ ወፍራሙ ይሁን፤ ሮባሎ ዓሣ ወደ ዳር የሚጠጋው ባሕሩ ሲቆጣ፣ በብርዱ ወቅት ነው። ዓሣ ስናወጣ ስለምንንበረከክ ጉልበቱ ድርብ ይሁን። የማንገቻው ዘለበት በአንድ እጅ የሚፈታ መሆን አለበት፤ ማዕበል ከጣለኝ ሌላው እጄ ዘንግ ይዟል። ቀበቶም አይርሱ። ወገብ ላይ ጥብቅ ካላለ ውሃ ከላይ ይገባና ወደ ታች ይጎትታል። የኤርሜሊንዳ ባል ቀበቶ የፈሪ ነው ይል ነበር፤ በሰጠመበት ዕለት የለበሰው ሱሪ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ ነው የተገኘው። እኔ የወረስኩት ሁለተኛውን ነው።

የእግሬ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ነው። ስንት ዓመት እንዲያገለግልሽ ላሉት መልሴ አጭር ነው፤ እስከ ፋሲካ። ክረምቱን ካሳለፈልኝ ይበቃኛል፤ ከዚያ በኋላ ፔኒሽ ላይ ከሱቁ መርጬ እለብሳለሁ።

ለጥያቄዬ ግን መልስ አላየሁም። ፖስታ ቤቱ የሚዘጋብዎት ከሆነ በሚቀጥለው መምጣትዎን ያስቀድሙና ሱሪውን ያስከትሉ።

አክባሪዎ
ዙልሚራ


ኔሻቴል፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1994

ውድ እህቴ ዙልሚራ፣

አዲሱ ዓመት የጤና፣ የበረከት፣ ዓሣ የሚትረፈረፍበት ይሁንላችሁ። መቆየቴን ታዝበሽ ይሆናል። የገና ሰሞን የሕንፃው ማሞቂያ ተበላሽቶ ስድስቱም ፎቅ በእኔ ላይ ጮኸ፤ ከዚያ በረዶ መጣ፣ አካፋ ይዤ ነው የከረምኩት። ሲሞንም ወገቧን አሟታል። ግን አልረሳሁሽም፤ ጥቅሉ ትናንት ተልኳል።

ስትከፍቺው ዓይንሽ ይበራል። ያልሽውን ሁሉ አንድ በአንድ አስፈጽሜያለሁ። ወፍራም፣ ከሁሉም የወፈረው። ቦቲው የተጣበቀ፣ ጉልበቱ ድርብ፣ መቀመጫው ድርብ፣ ዘለበቱ በአንድ እጅ ቀጭ ሲል የሚፈታ፣ ቀበቶውም አብሮት። ሱቁ ውስጥ ቆሜ ደጋግሜ ስሞክረው ሻጩ ሳቀብኝ። ሴት የምትለብሰው ቁጥር የላቸውም፣ ትንሹ አርባ ነው፤ ካልሲ ደራርቢበት። መለጠፊያና ማስቲሽም ጨምሬልሻለሁ፣ ግን አያስፈልግሽም። ሻጩ አስር ዓመት ዋስትና ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ አለ። አስር ዓመት ሙሉ ስለ ሱሪ ማሰብ የለብሽም ማለት ነው። እስከ ፋሲካ ብቻ የሚሆን ነገር ለአንቺ ልግዛ እንዴ? ለእህቴ እንዲህ አላደርግም።

መምጣቴን በተመለከተ ለፋሲካ የሚሆን አይመስለኝም። የሕንፃው ባለቤቶች በዚያ ወቅት ቀለም ያስቀባሉ፣ ያለ እኔ አይሆንላቸውም። በጋ ላይ ግን፣ አምላክ ከፈቀደ፣ እናየዋለን። ኦቲሊያም ጥሩ ልጅ ናት፣ ትጠብቅሻለች። እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ
አቢሊዮ


ኮስቲኛ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1994

ለተከበሩ ወንድሜ ለአቢሊዮ፣

የሲሞንን ወገብ እግዚአብሔር ይዳብስላት፤ እርስዎንም ከበረዶው ይሰውርዎ። ጥቅሉ በሰላም ደርሷል፣ እጅዎ ይባረክ።

ለብሼው ወረድኩ። ባሕሩ ሦስት ቀን ሲያጓራ ቆይቶ ገና መረጋጋቱ ነበር፣ ዳሩ ሁሉ አረፋ ነው። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ እስከ ወገቤ ገባሁ፣ አሸዋው ጉብ ያለበትን አልፌ እስከ ደረቴ ገባሁ። ውሃው ይገፋኛል እንጂ አይነካኝም። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። መንጠቆዬን ከጉብታው ወዲያ ጥልቁ ላይ ጣልኩት፣ ብዙም ሳይቆይ ዘንጌ ጎበጠ። ሮባሎ ነው፣ ክንዴን የሚያህል። ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅኩ።

ዳር ወጥቼ ተቀመጥኩና ኪሱ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አነበብኩ። ዋስትናው እስከ ሁለት ሺህ አራት ነው ይላል። ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ዓሣው አጠገቤ ይንፈራገጣል፣ ኤርሜሊንዳ ከላይ ሆና "ነቅተዋል፣ ነይ" እያለች ትጣራለች፣ እኔ መነሳት አቃተኝ። ስለ ስጦታዎ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ግን እግር ከወርች የታሰርኩ መሰለኝ፤ የተሰማኝን ልደብቅዎ አልፈልግም።

የኮስቲኛን ደንብ ለእርስዎ ማስተማር አይገባኝም ነበር። ግን ረስተውታል መሰለኝ። አረጋዊ ለመጦር የተቀበለ ሰው፣ እኔ እንዳደረግኩት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰው ሁሉ እያየ ነው የሚቀበለው። የሚያስረክበው ደግሞ ለሥጋ ልጅ ብቻ ነው፣ ፊት ለፊት፣ ምስክር ባለበት። በደብዳቤ አይሆንም። ካፌው ውስጥ ባለው ስልክም አይሆንም። ለመነኮሳቱ መጦሪያ ቤትም አይሰጥም። ጥላ የሄደችን ሴት ሰላም የሚላት የለም፤ ወሬውም ፔኒሽ ድረስ ቀድሟት ይገባል፣ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ከእንዲህ ያለች ሴት መንጠቆ አይገዛም። እርስዎ ብቸኛ ልጅ ነዎት። እርስዎ ካልመጡ እኔ ከዚህ መውጫ የለኝም።

ፋሲካ ኤፕሪል 3 ቀን ነው። አንድ ቀን ብቻ ይምጡ። ተረክበው ምን እንደሚያደርጉ ያኔ አብረን እናስባለን፤ እኔም እስክትረጋጉ ድረስ አልሸሽም።

ዙልሚራ


ኔሻቴል፣ ማርች 20 ቀን 1994

ውድ እህቴ ዙልሚራ፣

የሰላም አምላክ ልብሽን ያሳርፍልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ የሮባሎው ነገር እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ። ለሻጩም ነገርኩት፣ "ክንዷ ምን ያህል ነው?" አለኝ። አጭበርባሪ ነው፣ ግን ጥሩ ሰው ነው።

እህቴ፣ ብዙ አስቤበታለሁ። እዚህ ያለን ሁለት ክፍል ነው፣ ከመሬት በታች፤ መስኮቱ የሚያሳየው የሰው ጫማ ነው። ሲሞን ክፉ ሴት አይደለችም፣ ነገር ግን ከእማዬ ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ የላቸውም። እማዬ ባሕር ሳትሰማ እንዴት ትኖራለች? ለእሷ የሚሻላት የራሷ ቤት፣ የራሷ አልጋ፣ የአንቺ እጅ ነው። ስለዚህ የወሰንኩትን ስሚኝ። ቤቱ ያንቺ ይሁን። እዚያ ላለው ሕግ አዋቂ ጽፌለታለሁ፣ ወረቀቱን ያዘጋጃል፤ እማዬን እስከ መጨረሻዋ ከያዝሻት ቤቱም ጓሮውም በስምሽ ይዞራል። የሚቀናብሽ ሰው ይበዛል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?

ሱሪውን ከባሕር ስትመለሺ በንጹሕ ውሃ እጠቢው፣ ጨው ስፌት ይበላል። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ጥላ ውስጥ በእግሩ ዘቅዝቀሽ ስቀዪው። እንዲህ ከያዝሽው ከአስር ዓመትም ያልፋል።

መልካም ፋሲካ።

ወንድምሽ
አቢሊዮ


ኮስቲኛ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1994

አቢሊዮ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። ከእንግዲህ አንተ እልሃለሁ፤ እርስዎ እያልኩህ ልደርስብህ አልቻልኩም።

ያልከኝን አድርጌ ሱሪውን በንጹሕ ውሃ አጠብኩት፣ ጓሮው ጣሪያ ሥር በእግሩ ዘቅዝቄ ሰቀልኩት። የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ኤርሜሊንዳ የበዓሉን ዳቦ ልታወጣ ወደ ቤቷ ደረስ ብላ፣ እኔ ደግሞ እንቁላል ልገዛ ወጥቼ፣ እናትህ ለጥቂት ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ። በሩን ከውጭ ቆልፌዋለሁ፤ ወደ ታጠረው ጓሮ የሚያስወጣው ግን ክፍት ነው። ስመለስ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የዓሣ ክንፍ የምቆርጥበት ትልቁ መቀስ ጭናቸው ላይ ነው፣ አጠገባቸው ሱሪው፣ ሁለቱም እግሩ ከብሽሽቱ እስከ ጉልበቱ ተተርትሮ።

"ምነው አክስቴ?" አልኩ።

"ጠንካራ ነው" አሉ፣ አውራ ጣታቸውን እያሻሹ። "እጄን አቆሰለው። ልጄ ደህና ዕቃ ነው የገዛው።"

"ለምን ቆረጡት?"

"አንቺስ ለምን ትለብሺዋለሽ?"

"ዓሣ ላጠምድበት ነዋ።"

"ሞኝ። የተጠመድሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ ጣለ አንቺ ዋጥሽ። ያ ሱሪ ባይኖር ይሄኔ ሄደሽ ነበር። አንቺ ብትሄጂ ወዶ ሳይወድ ይመጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት ባሕርሽን ካገኘሽ ዝም ትያለሽ፤ አንቺ ዝም ካልሽ እሱ እንቅልፉን ይተኛል። እኔስ? ድምፁን ሳልሰማ ልሙት?"

መቀሱን ከጭናቸው አነሳሁ።

"ደግሞ አታታልዪኝ" አሉኝ። "ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው፤ አንቺ የምታነቢልኝ አንዱን ነው። ሲገለበጥ እሰማለሁ።"

እውነት ነው፤ ስለ መምጣትህ የጻፍከውን እየዘለልኩ ነበር የማነብላቸው፣ እንዳያዝኑ ብዬ። ያን ዕለት ሁሉንም ከመጀመሪያው አነበብኩላቸው። የሲሞንን ወገብ፣ ቀለም ቅቡን፣ ሁለቱን ክፍል፣ በስሜ ይዞራል ያልከውን ቤት። ቤቱ ጋ ስደርስ "አሁን በሕይወት ነው ያለሁት ወይስ ሞቻለሁ?" ብለው ጠየቁኝ። አብረን አለቀስን። እኔ እስካሁን የታሰርኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሳቸውም ታስረዋል፤ በር ቆልፌባቸው የምወጣው እኔ ነኝ።

ሱሪው ተለጥፎ የሚድን አይደለም፣ እኔም ልለጥፈው አልሞከርኩም። ከዚያ ወዲህ ወደ ባሕር አልወረድኩም። ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን እንውላለን። ኦቲሊያ እስከ ሜይ መጨረሻ ጨምራልኛለች፣ ከዚያ ሌላ ሰው ትቀጥራለች። ና፣ አቢሊዮ። ሌላ የምለምንህ ነገር የለኝም።

ዙልሚራ


ኔሻቴል፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1994

ውድ እህቴ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤሽ አስደነገጠኝ። እማዬን አትቀየሚያት፣ እርጅና ነው፣ የምትለውን አታውቅም። በደረሰኝ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ ሱቁ ሄጄ ሌላ ገዝቼ ልኬልሻለሁ። ይሄኛው ካለፈው ይበልጣል፤ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ብብቱ ሙሉ በሙሉ ድርብ ነው። ሻጩ ቢላዋም ቶሎ አይበሳውም ብሎኛል። መቀሱን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው። ስለ ሌላው ነገር በጋው ይምጣና ረጋ ብለን እንነጋገራለን።

ወንድምሽ
አቢሊዮ


ኮስቲኛ፣ ሜይ 1 ቀን 1994

ወንድሜ አቢሊዮ፣

እግዚአብሔር ጤናና ሰፊ ልብ ይስጥህ፤ ሁለቱም ያስፈልጉሃል።

ጥቅሉ ደረሰ። እናትህ ጭናቸው ላይ አድርገው ስፌቱን እስከ ታች ዳበሱት፣ በጥርሳቸውም ሞከሩት። "ይሄንንስ መቀስ አይችለውም" አሉ። ቀና ብለው "አሁን ምን ልናደርግ ነው?" አሉኝ። መቼም ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ ኤርሜሊንዳ ከቤቷ ሰምታ መጥታለች።

ሱሪውን አልለበስኩትም። ለሴራፊም ሰጠሁት። ሴራፊምን አታውቀው ይሆናል፤ በየሳምንቱ ሠራተኞችን አሳፍሮ ወደ እናንተ አገር የሚነዳው ሾፌር ነው። በዕረፍቱ ቀን እኛ ዳር ያጠምዳል፤ ቀጭን ሱሪ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። ቁጥሩም አርባ ነው። በምትኩ አውቶቡሱ ላይ ሁለት ወንበር ሰጠኝ፣ ከጀርባው ያሉትን፣ እግር መዘርጊያ ያላቸውን።

መጀመሪያ እሳቸውን ጠየቅኩ። "ወደ ልጅዎ ልውሰድዎ?" አልኳቸው። የመስኮቱን ነገር፣ ባሕር የማይሰማበት መሆኑንም ደግሜ ነገርኳቸው።

"ሚስቱ ትቆጣለች?" አሉ።

"ትቆጣ ይሆናል።"

"እኔም እቆጣለሁ። እንግባባለን።"

ቄሱንም ጠየቅኩ። ደንቡ ለሥጋ ልጅ ይላል፣ ፊት ለፊት ይላል፣ ምስክር ይላል፤ ልጁ ወደዚህ ይምጣ የሚል ቃል የለበትም አልኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡበትና "ማንም አድርጎት አያውቅም" አሉ። "ደንቡ ይከለክላል ወይ?" ስላቸው "አይከለክልም" አሉ። ሴራፊም ምስክር እንዲሆን ተስማምተዋል፤ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ደጃፉ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩት። ኤርሜሊንዳ አለቀሰች። ከዚያ ለመንገድ የሚሆነውን ዳቦ የምጋግርላችሁ እኔ ነኝ አለች።

የሚያስፈልግህን ልንገርህ። ሾርባ ይወዳሉ፣ አጥንት ግን አጥርተህ ነው የምትሰጣቸው። ዳቦው ይነከርላቸው። ጠዋት ሲነሱ ወዲያው አታናግራቸው። መቀርቀሪያውን ከፍ አድርገህ ግጠምው፤ በር ካገኙ ይወጣሉ። ሁለት ክፍል ጠባብ ነው ብለኸኛል፤ እኛ እዚህ ስንኖር የነበረው በአንዱ ነው። ቤቱን በስሜ እንዳታዞር ለሕግ አዋቂው ነግሬዋለሁ፣ የእናትህ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በሕይወት ናቸው።

ሜይ 11 ቀን ረቡዕ እንነሳለን። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት እንወርዳለን። ዕርገት ስለሆነ ሥራ አለብኝ አትለኝም። እኔ በዚያው አውቶቡስ እመለሳለሁ፣ ወንበሬ ደርሶ መልስ ነው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ፔኒሽ። የእሳቸው መሄጃ ብቻ ነው። ይህ ደብዳቤ ከእኛ ቀድሞ ስለሚደርስ አልሰማሁም ማለት አትችልም።

ጥቁር ቀሚሳቸውን ተኩሼላቸዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምረው ልልበስ እያሉ አስቸግረውኛል። ስንወርድ ዝም ብለህ ቆመህ አትጠብቃቸው። ፊትህን አያዩትም፤ ቀድመህ ተናገር። ድምፅህን ካልሰሙ እጄን አይለቁም።

ዙልሚራ